ሸረሪት በርቢ የሰጠችው ወንፊት

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ እናንተ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይከፋም። ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ሲጣራ ወንዝ "አቤት" ይል በነበረበት ጊዜ፣ ስሟን በረሳኋት አገር አንዲት ሸረሪት ነበረች። እናቷን ጭልፊት የወሰደባትን አንዲት የርግብ ጫጩት አንስታ ታሳድግ ነበር። የሸረሪት ልብ ትንሽ ይመስላችኋል? የለም እናቴ!

ታዲያ ጫጩቷ ዱቄት ስትቅም እብቁ ጉሮሮዋን እየያዛት ያስላታል። እመት ሸረሪት አላስችል አላት። የፈረስ ጭራ ለቃቅማ፣ ክር ከክር በተገናኘ ቁጥር ቋጠሮ እያበጀች፣ ወንፊት ሠራች። ያኔ ወንፊት የሚባል ነገር አይታወቅም። ዱቄቱ ወረደ፣ እብቁ ከላይ ቀረ፣ ጫጩቷም ጠግባ ተኛች።

ይህን ያየ አያ ዝንጀሮ እየተጎማለለ መጣ።

"እመት ሸረሪት፣ ይቺን ነገር ሽጪልኝ። ቅል ሙሉ ማር እሰጥሻለሁ፤ ከዛሬ ወዲያ የኔ ትሁን።"

"ማሩ ሲያልቅ ጫጩቴ ምን ልትበላ? አልሸጥም አያ ዝንጀሮ። በርቢ ውሰዳት።"

ላም በርቢ ስትሰጥ ታውቁ የለ? ያረባት ወተቷን ይጠጣል፣ ጥጃውን ከባለቤቷ ጋር ይካፈላል፤ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት። ሸረሪትም ብልሃቷን እንደ ላም አየቻት።

"እኔ ገበያ ብወርድ ይረግጡኛል፤ አንተ እግርም ድምፅም አለህ" አለችው። "አሠራሯን አሳይሃለሁ፤ እየሠራህ በእህል ለውጥ፣ እህሉን እኩል እንካፈላለን። ቋጠሮዋን እንዳትተዋት! ስትጣራም 'የሸረሪት ብልሃት፣ የዝንጀሮ ልፋት!' በል።"

"ይሁን! ካጠፋሁ ጭራዬ ይቆረጥ!" ብሎ በአገሩ ሽማግሌ በአባ ኤሊ ፊት ማለ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። "የሸረሪት ብልሃት፣ የዝንጀሮ ልፋት!" ሲል ገበያው ይሻማል። እህሉ ሲበዛለት ግን ልቡ አበጠ። ቋጠሮውን "ጊዜ ይፈጃል" ብሎ ተወው። ጩኸቱንም ለወጠ፦ "የዝንጀሮ ብልሃት፣ የዝንጀሮ ልፋት!" የሸረሪትን ድርሻማ ጭራሽ አስቀረ።

ጫጩቷ ራባት።

"እማ፣ እህሉ አልመጣም?"

"ይመጣል የኔ ዓለም።"

አልመጣም። ቢቸግራት እመት ሸረሪት አባ ኤሊ ጀርባ ላይ ወጥታ ገበያ ወረደች።

ሲደርሱ ገበያው ታምሷል። ወንፊቱ ሁሉ እየተተረተረ፣ አህያና ፍየል ዝንጀሮን ከበውታል።

"እብቅ አበላኸን አንተ ቀጣፊ!" ትላለች ፍየል።

"እኔ ምን ላድርግ! የሸረሪት ብልሃት ነው፣ እሷን ጠይቁ!"

አባ ኤሊ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ።

"ቆይ እስቲ ልጄ። ትናንት የማን ብልሃት ነው ስትል ነበር?"

"የ... የዝንጀሮ።"

"ስትታለብ ያንተ፣ ስትታመም የጎረቤት? ምን ዓይነት ላም ናት ይቺ?"

ገበያው በሳቅ አውካካ። ዝንጀሮ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

"ጭራው ይቆረጥ! ራሱ ምሏል!" አለች ፍየል።

"ተዉት" አለች እመት ሸረሪት። "ጭራው ቢቆረጥ ጫጩቴ አትጠግብም። እጁ ጎበዝ ነው፤ የናቀው ቋጠሮውን ነው። ና አያ ዝንጀሮ፣ እጅህን ስጠኝ።"

አውራ ጣቱ ላይ ወጥታ፣ "እንዲህ... እንዲህ... አትቸኩል የኔ ልጅ" እያለች አስቋጠረችው። እሱም የተተረተረውን ሁሉ ጠግኖ ለየባለቤቱ መለሰ። ያስቀረውንም እህል በጀርባው ወደ ሸረሪት ቤት ተሸክሞ፣ ፈጭቶ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ ለጫጩቷ በመዳፉ ዘረጋላት። ፈራ ተባ አለችና ከእጁ ለቅማ በላች። አንድም ጊዜ አላሳላት። ያን ጊዜ ነው ዝንጀሮ እንባው ዱብ ዱብ ያለው።

ተረቴ ሄደች በጎዳና፣ እናንተ እደጉልኝ በጤና። ነገሩስ ልጆቼ፦ ሲያምር የኔ ያለ፣ ሲቀደድም የኔ ይበል።