የቀኛዝማች አብተው ራስ ምታት

ቀኛዝማች አብተው አረቄ ይወዱ ነበር፤ የአረቄን ማግሥት ግን አይወዱም። አረቄ የምታወጣላቸው ሴት ማታ ማታ ጠርሙሱን ይዛ ትገባና፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት እንደ ወጉ አንዲት እፍኝ በመዳፏ ቀድታ ፊታቸው ትቀምሳለች። የቀረውን እሳቸው እስከ ጭላጩ ያንጠፈጥፉታል።

አንድ ቀን ጠዋት ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ተቀመጡና ሴትዮዋን አስጠሩ።

«አንቺ መርዘኛ! ከአንድ ጠርሙስ ጠጥተን የእኔ ራስ ሊፈነዳ ደርሷል፤ አንቺን ለምን አያምሽም? ምን እንዳደረግሽብኝ ተናገሪ፤ አለዚያ ትገረፊያለሽ!»

ባለሟሎቹም «እውነት ነው፣ እሷን ለምን አያማትም?» እያሉ አጨበጨቡ። ገራፊው ጅራፉን ፈታ።

ሴትዮዋ እጅ ነስታ እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ አልዋሽዎትም፣ መርዝ አለበት። መርዙ ያለው ግን ከመጀመሪያዋ እፍኝ በታች ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ ድረስ እንድወርድ አልተፈቀደልኝም። ካላመኑኝ ዛሬ ማታ እንለዋወጥ። እርስዎ በመዳፍዎ ይቅመሱ፣ እኔ ጠርሙሱን ልጨርስ። ያን ጊዜ ነገ ጠዋት ‹ሰው ካልተገረፈ› እያልኩ የምጮኸው እኔ እሆናለሁ።»