እመት እንቁራሪት የመረጠችው ከተማ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ እግርህን ሰብስብ እንጂ! የሚያስቅ ተረት እንዳይመስላችሁ። ኋላ «ለምን አስለቀስሽን» ብትሉኝ አልሰማችሁም።

ድሮ ድሮ፣ ውሃም ድንጋይም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት እመት እንቁራሪት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ከምንጬ ጋር በአንድ ኩሬ ውስጥ ትኖር ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ኩሬው ጎደለ፣ ጎደለ፣ ጭቃ ብቻ ሆነ።

«እመት እንቁራሪት» አላት ኩሬው ድምፁ ሰልሎ፣ «እኔ እንደምታይኝ ነኝ። ክረምት እስኪገባ ሦስት ወር ነው። ለሦስት ወር የሚያኖርሽ ከተማ ፈልጊና ይቺን ልጅ አትርፊያት። ዝናቡ ሲመጣ ትመለሻለሽ።»

«ሰው አገር?» አለች ደረቷን ይዛ።

ሰው አገር ሲባል ትዝ የሚላት ወንድሟ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሰው አገር ሞቶ፣ ሬሳውን የሚያነሳ ጠፍቶ መንገድ ዳር ደርቆ ቀርቷል። ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም። ቢሆንም ምን ታድርግ፣ ልጇን አዝላ ተነሳች።

መጀመሪያ የደረሱት ከቀንድ አውጣዎች ከተማ ነው። ከትልቅ ቋጥኝ ሥር ነው፤ ድንጋዩ ቀን ከሌት ውሃ ያንጠባጥባል። ምንጬ ከእናቷ ጀርባ ዘላ ውሃው ውስጥ ገባች። «እማዬ፣ እዚህ እንኑር!»

«ቆይ፣ ልጠይቅ» አለች እናቷና የቀንድ አውጣን በር አንኳኳች። «ጌታዬ፣ እኛ ብንሞት ማን ይቀብረናል?»

ቀንድ አውጣ አንድ ዓይኑን ብቻ አወጣ። «እድር የሚባል የለንም። እዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይኖራል፣ በሩን ዘግቶ ይሞታል። ውሃው ግን የሁላችንም ነው፤ ጠጡ።»

«ጎረቤት እንኳ ሳይሰማ? ወይ ጉድ! ተነሽ ምንጬ፣ እንሂድ።»

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከዓሦች ከተማ ደረሱ። ወንዙ ሰፊ፣ ዳሩ ሁሉ ጥላ ነው። እመት እንቁራሪት ጠየቀች፦ «እመቤቴ፣ እኛ ብንሞት ማን ይቀብረናል?»

«የሞተውን ወንዙ ይወስደዋል» አለች ዓሣ። «ወዴት እንደሚወስደው ጠይቀን አናውቅም።»

«ድንኳንስ? ንፍሮስ? አልቃሽስ?»

«ውሃ ውስጥ እንባ አይታይም፣ እህቴ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም» አለች ምንጬ።

«ዝም በይ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከጉንዳኖች ከተማ ደረሱ። ሲደርሱ ቀብር ነበር። አንድ ሽማግሌ ጉንዳን ሞቶ፣ አገር ምድሩ ተሰልፎ በቃሬዛ ይሸኘዋል። እመት እንቁራሪት ሰልፉን አይታ በደስታ አለቀሰች። ሮጣ የእድሩን ዳኛ ያዘችው።

«ጌታዬ፣ እኛ ብንሞትስ?»

«ምን በወጣችሁ!» አላት። «ከተማው ነቅሎ ይወጣል። እዚህ የሚኖር ሁሉ የእኛ ነው።»

«ውሃስ የት ነው?» አለች ምንጬ።

«ውሃ? ውሃማ ቤታችንን ያፈርስብናል። ከውሃ ርቀን ነው የሠራነው፤ ጠዋት ጠዋት ጤዛ እንልሳለን።»

«ሦስት ወር ምን አላት? እንችላታለን» አለች እናት።

አይ እናት! ምን ዓይነት ነገር ነው የያዛት!

በመጀመሪያው ወር ጤዛ እየላሱ ሰነበቱ። በሁለተኛው ወር ጤዛው ጠፋ፤ የምንጬ ቆዳ መሰነጣጠቅ ጀመረ። «እማዬ፣ ወደ ቀንድ አውጣዎቹ እንመለስ» ብትል፣ እናት «እድር ገብተን? ምን ይሉናል?» አለቻት። በሦስተኛው ወር ምንጬ መዝለል አቃታት። ያኔ እመት እንቁራሪት ልጇን አዝላ ወጣች። ግን የእሷም እግር ደርቋል፤ ከከተማው ጫፍ ሳታልፍ ወደቀች።

«ኡኡ! የውሃ ያለህ! ልጄን አድኑልኝ!»

ጉንዳኖቹ ግር ብለው መጡ። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ አንጀታችን ነው የተላወሰው። ግን የውሃ ዕቃ በቤታችን የለም። ያለን ቃሬዛ ነው።»

ምንጬ እዚያው እናቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች።

ጉንዳኖቹ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ይህን አልክድም። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ትልቅ ትንሽ ሳይቀር ወጣ። አልቃሾቹ ደረት እየመቱ ከተማውን አናወጡት። ሦስት ቀን ሙሉ እናቲቱን ብቻዋን አልተዉአትም።

በሦስተኛው ቀን ዳኛው አጠገቧ ተቀመጠ። «እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። ከለቅሶው የጎደለ ነገር አለ?»

እመት እንቁራሪት ቀና ብላ አየች። ሰልፉ ጫፉ አይታይም።

«የለም» አለች። «ምንም አልጎደለም። የጎደለችው ምንጬ ብቻ ናት።»

ተረቴ ይኸው ነው። ከእናንተም ነገ ሰው አገር የሚሰነብት አይጠፋምና፣ ከተማ ስትመርጡ የሚያጠጣችሁን ጠይቁ። ለቀብራችሁ የሚመጣ አታጡም።