እንግሊዝኛ ነኝ ያለው ድረ ገጽ

አቶ ሙሉዓለም የሚባሉ የቢሮ ኃላፊ ነበሩ። አዲሱ የቢሯቸው ድረ ገጽ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ተጽፎ ሳለ፣ በገጹ ቅንብር ውስጥ ቋንቋው ግን "እንግሊዝኛ" ተብሎ እንዲሞላ አዘዙ። ክብር ይጨምራል ብለው ነው።

በምረቃው ቀን አንዲት አፏ የማያርፍ ዓይነ ስውር ሴት ተነስታ፣ "ክቡር ኃላፊ፣ ድረ ገጽ የሚያነብልኝ ስልኬ ነው። ገጹ እንግሊዝኛ ነኝ ካለው በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነብ ይሞክርና የአማርኛውን ፊደል ሁሉ ይዘለዋል። እባክዎ ያስተካክሉልን" አለች።

"ይሄ ስም ማጥፋት ነው" አሉ ኃላፊው። "በይ አሁኑኑ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ የሠራኋቸው ሥራዎች የተጻፉበትን ገጽ አስነብቢ። ካነበበ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ።"

ሴትዮዋ ስልኳን ወደ ማይክሮፎኑ ደቀነች። አዳራሹ ጆሮውን አቆመ። ስልኩ ጭጭ አለ። ዝምታው ሲረዝም፣ ሲያንቀላፋ የነበረው ምክትል ኃላፊ ንግግር ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ አዳራሹም እንደ ልማዱ ተከተለው።

ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ምነው፣ ማንበብ አይጀምርም እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ።

"ጨርሷል እኮ፣ ክቡር ኃላፊ" አለች። "የሠሩትን አንድም ሳያስቀር ነው ያነበበው።"