ሚኪያስ ያነክስ እንደሁ

ተረት ብትሉት ተረት፣ ሐሜት ብትሉት ሐሜት፤ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ከእኔ ፊት ለፊት እማማ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ከግዛቸውና ከሚስቱ ከፋንታዬ ጋር ይኖራሉ። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ሚኪያስ ኳስ ተጫዋች ነው። ጉልበቱን ተመትቶ ተኝቶ ከርሞ፣ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ሌላ ከተማ ሊጫወት ሆነ። በስልክ "ደህና ነኝ እማማ" ይላቸዋል።

እሳቸው መች ያምናሉ! "ይቺ ቃል የእናቱ ናት። እስክትሞት ድረስ 'ደህና ነኝ' ስትለኝ ነበር። ሲሮጥ እግሩን ልየው፣ ያነክስ እንደሁ ልወቅ። ሌላ ምንም አልፈልግ።"

የቤታቸው ቴሌቪዥን ተቃጥሏል። የእኔው ደግሞ እንኳን እግር፣ ፊትም አይለይበት። በስልክ እንዳያዩ ተጫዋቹ ሁሉ ጉንዳን ያህላል።

"ቴሌቪዥን ግዛ፣ ትንሽም ብትሆን ትበቃናለች" አለች ፋንታዬ።

"ሂጂ ወዲያ! የእማዬ ዓይን ደክሟል። ፕሮጀክተር ነው፣ ግድግዳ ሙሉ!" አለ ግዛቸው። ሱቅ ውስጥ ጨለማ ክፍል አስገብተው አሳይተውት ልቡ ጠፍቶ ነው የመጣው። ኳሱ በጠራራ ፀሐይ እንደሆነ ማን ያስታውሰው?

ቅዳሜ ደረሰ። የገዛውን ፕሮጀክተር ከዲሹ ጋር አገናኘው፣ ወደ ነጩ ግድግዳ አዞረው፣ አበራው። የአዳማ ፀሐይ በዚያ ሰፊ መስኮት ገብታ ተዘርግታለች። ግድግዳው ላይ የታየው አጓት ነው፣ ውሃ የበዛበት አጓት።

"ግዛቸው፣ እግሩስ?"

"ትንሽ ጠብቂ እማዬ።"

ፕሮጀክተሩ አላሳይ አለ፤ እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ እግሩን ልይ፣ እግሩን ልይ!

"ቤቱ ካልጨለመ አያሳይም" አለ ግዛቸው። ብርድ ልብስ ሊሰቅል ወንበር ላይ ወጣ። ሚስማሩን ቢመታው ኮንክሪቱ አጣመመው፤ ብርድ ልብሱ እላዩ ላይ ወረደ። ፋንታዬ ሳቋን ዋጠች። ፊሽካው ተነፋ። ቤቱ አልጨልም አለ፣ ፕሮጀክተሩ አላሳይ አለ፤ እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ እግሩን ልይ፣ እግሩን ልይ!

"መጋረጃውስ የት ነው?"

"ገበር ይግባበት ብዬ ለወይንሸት ሰጠሁት። 'ቴሌቪዥን' ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ!"

ወይንሸት ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። መጋረጃው አልመጣ አለ፣ ቤቱ አልጨልም አለ፣ ፕሮጀክተሩ አላሳይ አለ፤ እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ እግሩን ልይ፣ እግሩን ልይ!

ፋንታዬ ደረጃውን በሩጫ ወረደች፤ እኔም ተከተልኋት። ምን ላድርግ፣ እግሬ ነው የወሰደኝ። መጋረጃው ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ መሬት ይጠርጋል።

"ወይንሸትዬ፣ ቶሎ በይልን እንጂ!"

"በምን እጄ? ይኸው ልጄ ኪሩቤል ጥርስ እያወጣ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሳወርደው ይጮሃል፣ ሳዝለው የስፌት መኪናዬ ላይ አላጎነብስ።"

ወይንሸት አልሰፋ አለች፣ መጋረጃው አልመጣ አለ፣ ቤቱ አልጨልም አለ፣ ፕሮጀክተሩ አላሳይ አለ፤ እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ ከላይ፣ በመስኮቱ፣ እግሩን ልይ፣ እግሩን ልይ!

ፋንታዬ አዘለችው፤ ባሰበት። ግዛቸው ወርዶ እንደ ፍየል ጮኸለት፤ ልጁ ከፍየሉ በላይ ጮኸ። እኔ ብቀበለው ያወጣትን አንዲት ጥርስ ትከሻዬ ላይ ሞከራት። ኪሩቤል አልተኛ አለ፣ ወይንሸት አልሰፋ አለች፣ መጋረጃው አልመጣ አለ፣ ቤቱ አልጨልም አለ፣ ፕሮጀክተሩ አላሳይ አለ፤ እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ እግሩን ልይ፣ እግሩን ልይ!

"እናንተ ሰዎች" አለች ወይንሸት ላቧን እየጠረገች፣ "ይሄ ልጅ ከእማማ ጥሩወርቅ ጀርባ በቀር የማንንም ጀርባ አያውቅም እኮ!"

ልጁን ይዤ ሽቅብ። ዕረፍት አልፎ ሁለተኛው ግማሽ ተጀምሯል። እማማ ያንን አጓት አፍጥጠው ያያሉ።

"እማማ፣ እስኪ ይነሱ።"

"አልነሳም። ዓይኔን ባነሳ ያመልጠኛል።"

እማማ አልነሳ አሉ፣ ኪሩቤል አልተኛ አለ፣ ወይንሸት አልሰፋ አለች፣ መጋረጃው አልመጣ አለ፣ ቤቱ አልጨልም አለ፣ ፕሮጀክተሩ አላሳይ አለ። እንዲህ ባንድ ትንፋሽ ብነግራቸው ዞር ብለው አዩኝ።

"እና ነገሩ እኔው ዘንድ ነው የተቋጠረው?"

"እርስዎው ዘንድ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ደረጃ ከመውጣት ከመውረድ፣ ቀድሞውኑ ጀርባዬ ላይ አትጥሉትም ነበር!"

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። እማማ አዘሉ፣ ኪሩቤል ተኛ፣ ወይንሸት ሰፋች፣ መጋረጃው መጣ፣ ቤቱ ጨለመ፣ ፕሮጀክተሩ አሳየ!

ያ ሁሉ አጓት ሣር ሆነ። ሚኪያስ ግድግዳውን ሞልቶ መጣ፤ እግሩ የበር መቃን ያህላል። ተከላካዩ ጠለፈው፤ ወደቀ። የእማማ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ሚኪያስ ተነሣ። ሣሩን ከቁምጣው ላይ አራግፎ ሮጠ፣ ደግሞ ሮጠ፣ ኳሷን ተቀብሎ ወደ ግቡ ዞረ። እማማ ኪሩቤልን እንዳዘሉ ግድግዳው ድረስ ሄደው መዳፋቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። ጥላቸው ግቡን፣ ኳሷን፣ በረኛውን ሁሉ ዋጠው።

ስታዲየሙ "ጎ‐ል!" ብሎ ተነቃነቀ።

"ኧረ እማዬ! ጎሉን እኮ ጋረድሽው!" ግዛቸው ራሱን ያዘ። "ማን ነው ያገባው? እሱ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፤ ቀስ በል፣ ልጅ ተኝቷል" አሉ እማማ፣ መዳፋቸውን ሳያነሱ። "አያነክስም።"