ሁለት ግንበኞች፣ አንድ «ውጣ»

ትርንጎ የምትባል ሴት ወደ አባ ተክለ አልፋ መጥታ፣ «አባ፣ ወንድሜን መጠጥ ሊያጠፋብኝ ነው። እመክረዋለሁ፤ አልሰማ ሲለኝ እጮህበታለሁ። በጮህኩ ቁጥር ግን ይብስበታል። አንድ ጡት ጠብተን አድገን እንዴት አይሰማኝም?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦

አንድ ግንበኛ ነበረ። አገሩ ስፔን ሲሆን፣ በሰው አገር ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር ይሠራ ነበር። የሁለቱም ቋንቋ ከጥንቱ ላቲን የተወለደ ነውና ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ውሃ ሲለው ውሃ፣ ዳቦ ሲለው ዳቦ ያቀብለዋል። ስፔናዊውም «ይህ ሰው አፌን ያውቃል» ብሎ ልቡን ጥሎ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ያረጀ ፎቅ ሲጠግኑ፣ ጣሊያናዊው ምድር ቤቱን ይለስናል፤ ስፔናዊው ደጅ ኖራ ያቦካል። ቀና ቢል ግድግዳው በውጭ በኩል ከላይ እስከ መሠረቱ ሲሰነጠቅ አየ።

«ሳል! ሳል!» ብሎ ጮኸ። በእሱ አገር ከቤት ውጣ ማለት ነው። በጣሊያናዊው አገር ግን ይህን የሚመስለው «ሳሊ» ወደ ላይ ውጣ ማለት ነው። ሰውየው የሚለስንበትን መለሰኛ ጥሎ ደረጃውን ተያያዘው።

ስፔናዊው በመስኮት አይቶት ደነገጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት። ያም ነገሩ አስቸኳይ መሆኑ ገብቶት እየሮጠ ወደ ላይ ወጣ። «አብዷል ወይስ ንቆኛል?» አለ ስፔናዊው በልቡ፤ ተናደደ። እንደገና ሊጮህ ሲል ግን፣ ጓደኛውን ወደ ላይ የሚነዳው የራሱ ጩኸት እንደሆነ ልብ አለ። አፉን ዘጋ። ሮጦ ገባ፣ ደረጃውን ወጣ፣ እጁን ይዞ ጎትቶ አወረደው። ደጅ ሲደርሱ ፎቁ ተናደ።

አቧራው ሲበርድ ጣሊያናዊው፣ «አንተው ውጣ አልከኝ፤ ወጣሁ» አለው።

አባ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ልጄ፣ በእኛም አፍ ‹ውጣ› ከቤትም ነው፣ ወደ ተራራም ነው። ወንድምሽ አንቺ የጠባሽውን ጡት ቢጠባም፣ ቃልሽን የሚፈታው ባሳለፈው ኑሮ ነው። ያ የጮኸው ግንበኛ አንቺ ነሽ። የምትዪው እውነት ነው፤ የእሱም ጩኸት እውነት ነበር። እውነት የያዘ ሰው ከመጮህ ሌላ ሥራ የቀረው አይመስለውም። ይልቅ ወንድምሽ ካለበት ገብተሽ እጁን ያዢ።»

«ቢናድብኝስ፣ አባ?»

«ሊናድ ይችላል» አሉ። «ወንድምሽ ግን አሁንም ውስጥ ነው።»