ቁጣዎን ይድገሙ የተባሉት አባት

አንድ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ አቶ ጉልላት ይባላሉ። ሲቆጡ የሚጠጋቸው አልነበረም። ደላላውም ገዢውም ዘወር ይልላቸዋል፤ እሳቸውም ያሉትን ብለው ሲወጣላቸው ሁሉን ረስተው ወደ በሬዎቻቸው ይመለሳሉ። ቁጣውን የተቀበለው ሰው ይርሳው አይርሳው ግን ጠይቀው አያውቁም።

እኚህ ሰው ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በትምህርቷ ጎበዝ ስለነበረች ራቅ ባለ ከተማ የሚገኝ ኮሌጅ ገባች። ኮሌጁ ተማሪውን ገና ከበር ተቀብሎ በአንድ ሙያ አያጥረውም። መጀመሪያ ታሪኩንም፣ ሒሳቡንም፣ ፍልስፍናውንም፣ ሥዕሉንም ያስቀምሰውና "አሁን ልብህ ወዳረፈበት ሂድ" ይለዋል። አቶ ጉልላት የልጃቸው ልብ የት እንደሚያርፍ ለአፍታም አልተጠራጠሩም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ "ሕግ ነው የምታጠናው" ብለው አውርተው ጨርሰዋል። ትርንጎ የመረጠችው ግን ቴአትር ነበር። ለአባቷ ልትነግር ዛሬ ነገ ስትል ዓመቱ አለፈ።

አንድ ቀን ከብት የሚጭንላቸው ሾፌር ከዚያ ከተማ ተመለሰና "ጋሼ ጉልላት፣ ልጅዎን አየኋት እኮ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እሷ መድረክ ላይ የሰው ሚስት ሆና ስታለቅስ…" አላቸው። ሾፌሩ "ሰዉ ሁሉ አብሯት አለቀሰ፤ እኔም አልቀረሁ" ሊል ነበር። ማን ይስማው። አቶ ጉልላት ባርኔጣቸውን አንስተው ወጥተዋል። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበሩ። ልጃቸውን ከኮሌጁ አስወጥተው ይዘዋት ሊመለሱ ቆርጠዋል፤ የሚናገሩትንም መንገዱን ሙሉ በልባቸው ሲያብላሉት ሄዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይወቅልኝ። የቴአትር መምህርቷ እልፍነሽ በዚያ ሰሞን ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ አባት ልጁን ስለሚቆጣበት ተውኔት ልምምድ ላይ ነበሩ። ልጅቷን የምትጫወተው ትርንጎ ናት። አባትየውን እንዲጫወት የተመረጠው ተማሪ ግን ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ነበርና በጮኸ ቁጥር ተመልካቹ ይስቃል። ስለዚህ መምህርቷ የሰፈሩን ዕድር "ድምፅ ያለው አንድ ሽማግሌ አበድሩን" ብለው ለመኑ። ሽማግሌው ያን ዕለት ከሰዓት እንዲመጡ ተቀጥረዋል፤ መልካቸውን ያየ ግን አልነበረም።

አቶ ጉልላት የአዳራሹን በር በርግደው የገቡት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ትርንጎን መድረኩ ላይ ቆማ አዩዋትና ያ ሁሉ የመንገድ ቁጣ ገነፈለ።

"አንቺ!" አሉ። "እኔ ፀሐይና አቧራ የጠገብኩት አንቺ ሰው ፊት ቆመሽ እንድታለቃቅሺ ነው? በአገር ፊት አዋረድሽኝ። ዕቃሽን ሸክፊ፤ አሁኑኑ ትሄጃለሽ። እምቢ ካልሽ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም።"

የጠበቁት ለቅሶ ወይም ልመና ነበር። የመጣላቸው ጭብጨባ ነው። ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡላቸው፤ መምህርቷም በደስታ ወደ እሳቸው መጡ።

"እግዜር ይስጥልን አባቴ። እንዲህ ያለ ድምፅ ስንፈልግ ነው የከረምነው። እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።"

"ምኑን?" አሉ አቶ ጉልላት።

"ቁጣውን። ቅድም ሲናገሩ የሚያዩት ግድግዳውን ነበር። አሁን ወደ መድረኩ ይውጡና ቀረብ ብለው፣ ረጋ ብለው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ይበሉት።"

ትርንጎ "መምህርት፣ እሱ እኮ…" ብላ ጀመረች።

"ከገጸ ባሕርይሽ አትውጪ" አሏት መምህርቷ።

አቶ ጉልላት ግራ ገባቸው። በዕድሜያቸው ቁጣቸውን የሚሸሽ እንጂ ድገሙልኝ የሚል ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ቢሆንም በአክብሮት የተጠየቁትን እምቢ ማለት ነውር ሆነባቸው፤ ደግሞም ልጅቷ ገና መልስ አልሰጠቻቸውም። መድረኩ ላይ ወጡ።

"እኔ ፀሐይና አቧራ የጠገብኩት…" ብለው ጀመሩ። ይህኛው ሳያስቸግር ወጣ። "በአገር ፊት አዋረድሽኝ" ሲሉ ግን አገሩ እስካሁን ምንም እንዳላለ ትዝ አላቸውና ድምፃቸው ቀነሰ። እንዲያውም ያወራላቸው ሾፌር ፈገግ እያለ ነበር። ከዚያ የልጃቸውን ዓይን አዩ። ትርንጎ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንባዋን አፍና ቆማለች፤ በልጅነቷ መርፌ ስትወጋ እንዲሁ ነበር የምትሆነው። "ከዛሬ ጀምሮ…" አሉና ቀጣዩን ቃል ሳይሉት አቆሙ። አውቶቡስ ውስጥ ደጋግመው ያሉት ቃል ነው። አሁን ልጅቷ ፊታቸው ቆማ ሲያዩዋት ግን ውሸት ሆነባቸው፤ አፈሩም።

"ይኼን ማለት አልችልም" አሉ ወደ መምህርቷ ዞረው። "አባት እንዲህ አይልም።"

መምህርቷ ተማሪዎቻቸውን ዘወትር የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠየቋቸው። "ይሁን። ታዲያ ይኼ አባት ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?"

አቶ ጉልላት ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ፈርቶ ነው" አሉ። "እሱ የማያውቀው መንገድ ውስጥ ገባችበት። በማያውቀው መንገድ ላይ ብትወድቅ እንዴት አድርጎ ያነሳታል? ደግሞ የገዛ ልጁን ነገር ከባዳ ሰማ። አንጀቱን ያሳረረው እሱ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ እሱኑ ይንገሯታ" አሉ መምህርቷ።

አቶ ጉልላት ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አሁን ድምፃቸውን የሰማው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ብቻ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም፣ ትርንጎ?"

"ፈራሁህ፣ አባዬ" አለች። "እዚህ ስንት ሰው ፊት ቆሜ መናገር ተምሬያለሁ። አንተ ፊት ግን አቃተኝ።"

በዚህኛው ማንም አላጨበጨበም። አባትና ልጅ እንደተፋጠጡ በሩ ተከፈተና ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ብቅ አሉ። "ይቅርታ ልጆቼ፣ ዘገየሁ። ዕድሩ ነው የላከኝ። የሚቆጣው አባት እኔ ነኝ።"

መምህርቷ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ አቶ ጉልላትን አዩ። "ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?" አሉ በድንጋጤ።

"እኔማ አባቷ ነኝ" አሉ አቶ ጉልላት። "ልወስዳት ነበር የመጣሁት።" ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "ይምጡ አባቴ፣ ቦታው የእርስዎ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልምከርዎ፤ 'ልጄ አይደለሽም' የሚለው ላይ ሲደርሱ ዓይኗን አይዩ። አይወጣልዎትም።"

ልምምዱ እስኪያልቅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩ። ሲያበቃ፣ ምሳ ሳይበሉ ውለው ነበርና፣ ከልጃቸው ጋር ሽሮ እየበሉ "ኋላ በምን ልትኖሪ ነው?" ብለው ጠየቋት። ትርንጎ የምታውቀውን ነገረቻቸው፤ የማታውቀውንም አላውቅም አለች። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ገባቸው ብል እዋሻለሁ። ሆኖም በማግስቱ ወደ አገራቸው የተመለሱት ብቻቸውን ነው፤ ልባቸውም ቀለል ብሎ ነበር። ልጃቸው ትምህርቷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየደወለች ውሎዋን ታወራላቸዋለች፤ እሳቸውም ሳይጮኹ ያዳምጣሉ።

ወዳጄ ሆይ፣ ያገራችን ሰው "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ይላል። አቶ ጉልላት ዕድለኛ ሰው ናቸው፤ ሳያስቡት ልምምድ ላይ ተገኙና "ይድገሙልኝ" የሚል ሰው አገኙ። እኔንና እርስዎን ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሚለን የለም፤ የመጀመሪያው ንግግራችን እንደወጣ ይቀራል፣ ልጃችንም የትዳር አጋራችንም ይዞት ያድራል። ስለዚህ ከመቆጣታችን በፊት ቃሉን ቀረብ ብለን፣ ረጋ ብለን፣ ዓይን ዓይኑን እያየን ልንደግመው እንችል እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። የማንደግመው ቃል ከሆነ አንጀምረው። ከቁጣው ሥር ፍርሃት ካለ "ፈራሁ" እንበል፤ ቅያሜም ካለ "ተቀየምኩ" እንበል። ይህን የሰማ ሰው ቢያንስ የሚመልሰው አያጣም።

እርስዎስ፣ በቅርቡ በቁጣ ለሚወዱት ሰው የተናገሩትን ዛሬ ፊቱ ቆመው ይደግሙት ይሆን?