የመከታ ቅል

እስቲ ጥላ ያዙና ቁጭ በሉ፤ የምነግራችሁ የፀሐይ ተረት ነው።

ስንዱ የምትባል ሴት መከታ የሚባል ውሻ ነበራት። አንድ የሚያዝያ ቀን ቆላ ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ ከውሻዋ ጋር ተነሣች። ባሏ «በጧት ውጪ፤ ውሻው እንደሆነ ጠጉሩን አውልቆ አይሄድ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ጎረቤት ቤት ጨዋታ ይዟት አረፈደች። መንገዱን ሲያጋምሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ መሬቱ እግር ያቃጥል ጀመር። መከታ ምላሱን ጥሎ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ተዘረረ።

ስንዱ ነጠላዋን ቁጥቋጦ ላይ ወጥራ አጠላችለት። ከጉድጓዱ አፍ እትዬ ወለላ የሚባሉ ሴት እንስራቸውን ሞልተው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ለውሻዬ ጥቂት ውሃ ያፍሱልኝ።»

«ውሃስ አልነፍግሽም ልጄ። ግን ሰው በሚጠጣበት ጣሳ ውሻ አይጠጣም። የራሱን ቅል አምጪለት።»

ስንዱ አጥር ላይ ወደ ተሰቀለው ደረቅ ቅል ሄደች። «ቅል ሆይ፣ ተከፈት። እትዬ ውሃ አላፈስ አሉ፣ መከታም ያለከልካል።»

«ቢላ ሳይቆርጠኝ አልከፈትም» አለ ቅሉ።

ከአጥሩ ሥር አንድ ቢላ ወድቋል። «ቢላ ሆይ፣ ቁረጥልኝ። ቅሉ አልከፈት አለ፣ እትዬ ውሃ አላፈስ አሉ፣ መከታም ያለከልካል።»

«ዶልዱሜ ቅቤም አልቆርጥ! መጀመሪያ ድንጋይ ይሳለኝ።»

መሳያው ድንጋይ ሜዳ ላይ ነበር። ብትነካው እጇን ፈጃት። «ድንጋይ ሆይ፣ ሳልልኝ። ቢላው አልቆርጥ አለ፣ ቅሉ አልከፈት አለ፣ እትዬ ውሃ አላፈስ አሉ፣ መከታም ያለከልካል።»

«እንደ ጋልኩ ማን ይይዘኛል? ግራሩ ያጥላልኝና ልብረድ።»

«ግራር ሆይ፣ አጥላለት። ድንጋዩ አልስል አለ፣ ቢላው አልቆርጥ አለ፣ ቅሉ አልከፈት አለ፣ እትዬ ውሃ አላፈስ አሉ፣ መከታም ያለከልካል።»

«ጥላዬን ፍየሏ በልታ ልትጨርሰው ነው። እሷን አባሪልኝ።»

ፍየሏ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ታመነዥካለች።

«ፍየል ሆይ፣ ውረጂ። ግራሩ አላጠላ አለ፣ ድንጋዩ አልስል አለ፣ ቢላው አልቆርጥ አለ፣ ቅሉ አልከፈት አለ፣ እትዬ ውሃ አላፈስ አሉ፣ መከታም ያለከልካል።»

«አንቺን ብዬ ልውረድ፣ ወይዘሮ? እኔ ከውሻ በቀር የምፈራው የለም። ውሻሽ ይጩህብኝ፣ ያኔ እወርዳለሁ።»

ውሻው እንዲጮህ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው እንዲገኝ ውሻው መጮህ አለበት። ስንዱ ተመልሳ መከታ አጠገብ ተንበረከከች። ጅራቱን አንዴ ብቻ አንቀሳቀሰ፤ ዐይኑን ግን መግለጥ አልቻለም። በልቧ «አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችና የገዛ እጆቿን አየች። መዳፎቿን አገጣጠመች።

«እትዬ፣ ቅል አላገኘሁም። እዚህ ላይ ያፍሱልኝ።»

«ውሻ ልሶት በዚያ እጅ እህል ልትቆርሺ ነው?»

«እጅ ይታጠባል፣ እትዬ። የሞተ ግን አይነሣልኝም።»

እትዬ ወለላ እንስራውን አዘነበሉ። «ቀስ እያልሽ፣ ጥቂት ጥቂት» አሉ፤ ከዚያም እጃቸውን እያረጠቡ እግሩንና ሆዱን አቀዘቀዙለት። «ለካ እኔም እጅ ነበረኝ» አሉ ለራሳቸው።

መከታ ጠጣ፣ ቆይቶም ተኝቶ እንዳለ ጮኸ። ቢጮህ ፍየሏ ወረደች፣ ብትወርድ ግራሩ አጠላ፣ ቢያጠላ ድንጋዩ በረደ፣ ቢበርድ ቢላውን ሳለ፣ ቢሳል ቢላው ቅሉን ቆረጠ፣ ቢቆረጥ ቅሉ ተከፈተ፣ ቢከፈት እትዬ ወለላ ሞልተው ለመከታ ሰጡት።

ሰውም ውሻም ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ በግራሩ ሥር ዐረፉ። ስንዱ ስትሄድ ቅሉን ልትይዝ ብትል እትዬ ወለላ «ተዪው፣ ነገ የሚያልፍ ሌላ ነፍስ አለ» ብለው ከጉድጓዱ አፍ ሰቀሉት።

ተረቴ ጠጥታ ረካች፤ እናንተም ከጥላው አትራቁ።